ባሕርን መለካት መማር፦ ከሞግራን እስከ ቀይ ባሕር

(በካርቱም ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ነዋሪዎች የተደረገ ዲስኩር፤ ጥር 2015 ዓ.ም.)



  ዓመት በጠራሁ ቁጥር የምጠቅሳቸው መዛግብት የተያዙበትን የአውሮፓውያን አቆጣጠር እከተላለሁ፤ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ።

በዚህ ንግግር ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ርዕስ «የባሕርን መረጃ በመስክ መሰብሰብና መተንተን መማር» ይላል። ትናንት በዚያ ሳልፍ ሁለት ወጣቶች ማስታወቂያውን ሲያነቡ ደረስኩ። አንደኛው «ካርቱም ውስጥ ደግሞ ምን ባሕር አለ?» አለ። ልጁ ዛሬ መጥቶ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ንግግሬን የምጀምረው ከእሱ ጥያቄ ነውና።

ከዚህ እስከ ፖርት ሱዳን በአየር እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን የዚህ ከተማ ሰው ወንዙን ምን ብሎ እንደሚጠራው ልብ በሉ። «ባሕር» ነው የሚለው። ዓሣ አጥማጁ «ወደ ባሕር ወረድኩ» ካለ መረቡን ይዞ ናይል ገብቷል ማለት ነው። እኛስ ብንሆን ጣናን ባሕር ብለን ከተማውን ባሕር ዳር አላልነውም? ጨው ኖረውም አልኖረው፣ ለእነሱም ለእኛም ባሕር ማለት ሰፊ ውሃ ነው። ሌላም አለ። በጽሑፍ ዓረብኛ «አዝረቅ» ሰማያዊ ነው፤ በሱዳን አነጋገር ግን «አዝረግ» ጥቁርንም ይሆናል። እንግዲህ እኛ «ጥቁር ዓባይ» ያልነው ስም ፈረንጁ «ሰማያዊ ናይል» ካለው ይልቅ ለሱዳኑ ጆሮ የቀረበ ነው። ሁለት ሕዝብ አንዱን ውሃ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ቆሞ አይቶ አንድ ዓይነት ቀለም ሰጠው።

ይህን ያነሳሁት ለቋንቋ ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። ቀለም መረጃ ነው። ሰው ውሃን መለካት የጀመረው በዓይኑ ነው። በ1865 አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ካህን፣ ሙያው የሥነ ፈለክ ምርምር የነበረ ሰው፣ በሮማው ጳጳስ መርከብ ሜዲትራንያን ላይ ሆኖ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መዘገበ። ሴኪ ዲስክ የሚባለው ይኸው ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ከውቅያኖስ ተመራማሪ ሻንጣ አልወጣም፤ ባትሪ አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ማንም ይሠራዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ሞግራን ወረድኩ። ሞግራን፣ ለአዲስ መጤዎቹ ልንገራችሁ፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ፍሉካ የሚባለውን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተከራየን። ሴኪ ዲስኩን ከባልዲ ክዳን ቆርጠን፣ አራት ቦታ ከፍለን ጥቁርና ነጭ ቀብተን፣ ከሥሩ ብሎን አስረን ነው የሠራነው። ገመዱን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠርነው። በጥቁር ዓባይ በኩል አንዷ ልጅ ጎንበስ ብላ አወረደችው። «ጠፋ» አለች። አጠገቧ ያለው ልጅ «ኧረ አልጠፋም፣ ይታየኛል» አለ። በሁለቱ ንባብ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ልዩነት ነበር። ልጁ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ኖሯል፤ እሷ ደግሞ ፀሐይ በሚያንጸባርቅበት በኩል ተቀምጣለች። መነጽሩን አስወለቅን፣ ጀልባዋን አዙረን ሁለቱንም በጥላው በኩል አስቀመጥን። ሰሌዳው ሲወርድ የሚጠፋበትን ያዝን፣ ሲወጣ ብቅ የሚልበትን ያዝን፣ የሁለቱን አማካይ ወሰድን። ልጆቹ ተስማሙ። ከዚያ ፍሉካዋን ወደ ነጭ ዓባይ በኩል ቀዘፍናት፤ ሰሌዳው ገና ጥቂት ቋጠሮ ሳይወርድ ወተት በመሰለው ውሃ ውስጥ ተዋጠ። በጥር ጥቁር ዓባይ ጠርቶ ነጩ ይደፈርሳል። በነሐሴ ብትመጡ ይገለበጣል፤ የደጋችንን አፈር ተሸክሞ የመጣው ጥቁር ዓባይ ሰሌዳውን ከእጅ ሳይርቅ ይሰውረዋል።

በዚያች ፍሉካ ላይ ልጆቹ የተማሩት ስለ ውሃው ጥራት ብቻ አልነበረም። አንድ ቁጥር የት፣ መቼ፣ በማን ዓይን፣ በየትኛው ጎን፣ በምን ሁኔታ እንደተገኘ ካልተጻፈ የማንም ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ተማሩ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ንባብ፣ መነጽሩንም ጭምር ጻፍን።

አሁን ስለ ደብተር ላውራችሁ። የዛሬ ሰላሳ ምናምን ዓመት ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጣና ላይ ሥራ ያዝኩ። ሥራዬ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወጥቶ በተወሰኑ ነጥቦች ላይ የውሃውን ሙቀት በየጥልቀቱ መለካት ነበር። አንድ ቀን ከደቅ ደሴት ወዲህ ስንመለስ የከሰዓቱ ንፋስ ተነሳ፤ ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ገባ፤ ደብተሬ ራሰ። የምጽፈው በእስክሪብቶ ነበር። ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ሙሉ ቀን የለፋሁበት ገጽ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። የዚያን ጊዜ አለቃዬ «ከትናንቱ ብዙም አይለይም፤ እያስታወስክ ሙላው» አለኝ። ሞላሁት። የማስታውሰውን ጻፍኩ፤ የማላስታውሰውን የሚመስለውን ጻፍኩ። ያ ሰንጠረዥ ወደ ሪፖርት ገባ። ከዓመታት በኋላ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲጠቀምበት አየሁት፤ ከቁጥሮቼ ላይ ተነስቶ ስለ ጣና ድምዳሜ ሰጥቷል። ሄጄ ነገርኩት። ገጹን ከሥራው አወጣ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ግን ዛሬም አለ። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እኔ መስክ ላይ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ እንዳይያዝ የምከለክለው ለዚህ ነው። እርሳስ በውሃ አይለቅም። ስሕተትም ቢኖር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ በላጲስ አይጠፋም፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት።

ይህ ሳይለኩ የመጻፍ ነገር ዘንድሮ በሌላ መልክ ተመለሰብኝ። በዚህ ዓመት ከሥራዬ የተረፈውን ጊዜ የሰጠሁት አንድ የቆየ የወንዝ ከፍታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ነው። ጣቢያውን አልጠራም፤ ሰዎቹ ዘመድ አላቸውና። ስታፍ ጌጅ የሚባለውን ሁላችሁም አይታችሁታል፦ ዳር ላይ የተተከለ፣ በሜትርና በሳንቲ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ወርዶ ውሃው የነካውን ቁጥር ያነባል፣ ይጽፋል። ከዚህ የሚቀል ሥራ ያለ አይመስልም።

ስገለብጥ ጣቴ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከዓይኔ በፊት ጣቴ ነው ያስተዋለው። የምጫነው ዜሮንና አምስትን ብቻ ሆነ። ወንዝ ለ0 እና ለ5 አያዳላም፤ የመጨረሻው አኃዝ ከ0 እስከ 9 ተቀራራቢ ሆኖ መሰራጨት አለበት። እዚህ መዝገብ ላይ ግን 3 እና 7 ብርቅ ናቸው። አንባቢው ከዳገቱ ሳይወርድ ከላይ ቆሞ ነው የሚያነበው ማለት ነው። ቀጠልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ያስደነገጠኝ ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ ወንዙ አይንቀሳቀስም! ሐሙስ የተጻፈው ቁጥር ዓርብም ይደገማል፤ ቅዳሜ ላይ ድንገት ይዘላል። ክረምት ነው፣ ውሃው በየቀኑ እየጨመረ ነው፣ ዓርብ ግን ይቆማል።

ለምን እንደሆነ ኮምፒውተር አይነግራችሁም። ወንዙ ዳር የኖረ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ዓርብ የጁምዓ ጸሎት ነው፤ ሰውየው መስጊድ ሄዷል። በእኛም አገር መዛግብት ላይ እሑድን ፈልጉ፣ የገብርኤልንና የሚካኤልን ንግሥ ፈልጉ፤ ተመሳሳይ ነገር ብታገኙ አይግረማችሁ። ይህን ሰው ሌባ አልለውም። ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል፣ የሚከፈለው ጥቂት ነው፣ የሚጽፈው ቁጥር የት እንደሚደርስ የነገረው የለም። እኔ ጣና ላይ የሠራሁትን ነው የሠራው፤ እኔ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ደመወዝ ነበረኝ። ጥፋቱ ባዶ ቦታን እንደ ነውር ያስተማርነው የእኛ ነው። ደብተሩ ላይ «ዓርብ፣ አልወረድኩም» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እውነተኛ መረጃ በሆነ ነበር። ባዶ ገጽ መረጃ ነው፤ የሐሰት ቁጥር ግን ከባዶ ይከፋል፤ ባዶውን ሸፍኖ ይደብቃልና።

አንዲት የአንድ ቀን ንባብ ምን ታመጣለች ትሉኝ ይሆናል። 2020ን አስታውሱ። እዚህ ከተማ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። በሴፕቴምበር መባቻ ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ደረሰ፤ መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ከፍታ ተባለ፤ መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። «ያልታየ» ብለን አፋችንን ሞልተን የተናገርነው ለምንድን ነው? ከእኛ በፊት የነበሩ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ በየማለዳው ወርደው ስላነበቡ ነው። የቱቲ ደሴት ሰዎችን ደግሞ ተመልከቱ። በወንዙ መሐል ነው የሚኖሩት። ክረምት ሲመጣ ዳር ዳሩን ተከፋፍለው ሌሊቱን ተራ በተራ ይጠብቃሉ፤ ውሃው አፋፉን ሲገፋ ተጠራርተው በጆንያ አፈር ይሞላሉ። እነዚህ ሰዎች ዓርብን አይዘሉም። ለምን ቢባል፣ የሚለኩት ውሃ የሚገባው በራሳቸው በር ነው።

ከፍታ ግን ፍሰት አይደለም። በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ለማወቅ ወርዱን፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል። ውሃ ከላይ ይፈጥናል፣ ከታች ወለሉ ይይዘዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ፕሮፔለር ያለውን የፍጥነት መለኪያ ከላይ ተነስተን አንድ ጊዜ ከጥልቀቱ ሁለት አሥረኛ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስምንት አሥረኛ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ የሁለቱ አማካይ ከጠቅላላው አማካይ ጋር ይቀራረባል። ዛሬ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ከጀልባ ጎን ታስሮ አንድ ጊዜ ወንዙን በመሻገር ሁሉንም ይሠራል። ቢሆንም ተማሪዎቼን በፕሮፔለሩ አስጀምራቸዋለሁ፤ እጃቸው የውሃውን ጉልበት ሳያውቅ ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር ማመን እንዳይለምዱ። ከፍታንና ፍሰትን የሚያያይዘው ኩርባ ደግሞ ለዘለዓለም የሚቆም አይደለም። ጥቁር ዓባይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ከኢትዮጵያ ይዞ ሲወርድ ኖሯል፤ ወለሉ ይሞላል፣ ይቦረቦራል፣ ኩርባውም ይፋለሳል። ደጋግሞ መለካት ግድ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ቃል ልጨምር፤ እንደ ኢትዮጵያዊ፣ በካርቱም ቆሜ። ስለ ሕዳሴ ግድቡ የሚነሳው ክርክር ሁሉ በመጨረሻ ቁጥር ላይ ያርፋል። ድንበሩ አጠገብ፣ ኤል ዴይም በተባለው መለኪያ ጣቢያ፣ ምን ያህል ውሃ አለፈ? በዓመት በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንደሆነ ሁላችንም እንጠቅሳለን። ይህ ቁጥር ከቢሮ አልወጣም፤ ገመድና ዘንግ ይዘው ከወረዱ ሰዎች ነው የወጣው። ላይኛውና ታችኛው አገር በአንድ ዓይነት መንገድ ለክተው አንዱ የሌላውን ደብተር ማንበብ ከቻሉ የሚከራከሩት ስለ ውሃው ይሆናል። ካልሆነ ስለ ዘንጉ ሲከራከሩ ይኖራሉ።

ባሕረኞች ይህን ችግር ቀድመው ፈትተውታል። ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የየአገሩ መርከብ የባሕርን ጨዋማነት ሲለካ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ኮፐንሃገን ተዘጋጅቶ በመስታወት ጠርሙስ ታሽጎ በሚላክ አንድ ዓይነት የባሕር ውሃ ነበር። በፖለቲካ የማይነጋገሩ አገሮች መርከቦች ያንኑ ጠርሙስ ይከፍቱ ነበር። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ለዓባይ እንዲህ ያለ አንድ ጠርሙስ ቢኖረን እላለሁ።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር ልውሰዳችሁ፤ ርዕሱም ይኸው ነውና።

አስቀድሜ ስለ መሣሪያዎቹ፦ በድሮው መርከብ ላይ ከጥልቅ ውሃ ናሙና የሚቀዳው እንዲህ ነበር። ረጅም የብረት ገመድ ላይ ጠርሙሶች በየርቀቱ፣ ሁለት አፋቸው ተከፍቶ፣ ይታሰራሉ። ገመዱ ይወርዳል። ከዚያ አንዲት ከባድ የነሐስ ቁራጭ ከላይ ገመዱ ላይ ትለቀቃለች፤ ስሟ «መልእክተኛ» ነው። ተንሸራትታ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ትመታዋለች፣ እሱ ተገልብጦ ይዘጋል፣ ሌላ መልእክተኛ ወደሚቀጥለው ይለቃል። አጠገቡ የታሰረው ቴርሞሜትርም አብሮ ሲገለበጥ የሜርኩሪው ቀጭን ክር ይቆረጥና የዚያ ጥልቀት ሙቀት እንደተያዘ ይወጣል። ጣትን ገመዱ ላይ አድርጎ የመልእክተኛዋን ምት ከጥልቁ መስማት ይቻላል። ዛሬ ሲቲዲ የሚባለው መሣሪያ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትን፣ ሙቀትንና ጥልቀትን እየለካ ይወርዳል፤ ጨዋማነቱ ከዚያ ይሰላል። ወደ 4,000 የሚጠጉ አርጎ የተባሉ ተንሳፋፊዎችም በዓለም ውቅያኖሶች እስከ 2,000 ሜትር እየጠለቁ በየ10 ቀኑ ለሳተላይት ይናገራሉ። እነሱም ቢሆኑ ትክክለኛነታቸው የሚፈተነው ሰው በመርከብ ሄዶ በቀዳው ውሃ ነው።

ቀይ ባሕር ከሌሎቹ ይለያል። በሌላ ውቅያኖስ 2,000 ሜትር ብትወርዱ ውሃው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ብርድ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ እስከ ታች 21 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። ምክንያቱም በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለው ደፍ ጥልቀቱ ወደ 140 ሜትር ብቻ በመሆኑ ቀዝቃዛው የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ተሻግሮ አይገባም። ፀሐይ ያተነዋል፣ ወንዝ አይገባበትም፣ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ 40 ግራም ጨው ይወጣል። እናቶቼ፣ አሞሌን ታስታውሱታላችሁ። ደንከል ውስጥ በግመል የሚጫነው ጨው ይህ ባሕር ጥንት ወደዚያ ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ፣ ተቆርጦ፣ ተንኖ የቀረው ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ የኮራል ቅሪት እስካሁን ይታያል። አያቶቻችን ለዘመናት የተገበያዩት በቀይ ባሕር ነበር ማለት ነው።

በ1948 አልባትሮስ የተባለች የስዊድን የምርምር መርከብ በቀይ ባሕር መሐል ስታልፍ ከታች ያመጣችው ውሃ ከሚገባው በላይ ሙቅና ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ቁጥሩን መጣል ይቻል ነበር። አልጣሉትም፤ ጻፉት። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሌሎች መርከቦች ወደዚያው ተመለሱ። ዲስከቨሪ 44 ዲግሪ አገኘች፤ በ1965 አትላንቲስ ሁለተኛ ከ50 ዲግሪ በላይ ለካች። ከ2,000 ሜትር በታች፣ ከተለመደው የባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨው ያለበት ትኩስ ኩሬ በባሕሩ ሥር ተኝቷል! ጭቃው ዚንክና መዳብ፣ ብርም አለበት። ቦታው ዛሬ በአትላንቲስ ሁለተኛ ስም ይጠራል። ሱዳንና ሳውዲ ዓረቢያ ይህን የባሕር ወለል ሀብት በጋራ ለመጠቀም የተስማሙትና የፈረሙት እዚሁ ካርቱም ውስጥ፣ በግንቦት 1974 ነው። እንግዲህ ማስታወቂያው ሥር ቆሞ ለጠየቀው ልጅ ሌላም መልስ አለኝ፦ ካርቱም ውስጥ የባሕር ወለል ስምምነት የተፈረመበት ጠረጴዛ ነበረ።

ይህን ታሪክ ከዓርቡ ወንዝ ጋር አስተያዩት። አንዱ ያላየውን ቁጥር ጻፈ፤ ሌሎቹ ያዩትን፣ ግን ሊያምኑት የከበዳቸውን ቁጥር ሳይሰርዙ አስቀመጡ። ከእኛ የሚጠበቀው ሁለተኛው ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ሰብሳቢው በእጃቸው ምልክት እየሰጡኝ ነው። ርዕሱ ግን መተንተንንም ስለሚል ዋና ዋናውን ላንሳ። ቁጥሩን ሰንጠረዥ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በወረቀት ላይ ሳሉት፤ ዓይን ከስሌት በፊት ያያል። ሙቀትንና ጨዋማነትን አንዱን ወደ ጎን፣ አንዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ነጥቦቹን ብታስቀምጡ እያንዳንዱ ውሃ የራሱን ቦታ ይይዛል፤ የት ተወልዶ ከማን ጋር እንደተቀላቀለ ይነግራችኋል። ለሞግራንም ይሠራል፤ በጨዋማነት ፋንታ አስተላላፊነትን ተጠቀሙ። የመጨረሻውን አኃዝ ቁጠሩ። የሳምንቱን ቀናት ለይታችሁ ተመልከቱ። የተለየ ነጥብ ስታገኙ ከመጣላችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ።

ከዚህ የሚያልፍ ትንተና ለማየት ለምትጓጉ የሃሮልድ ኸርስትን ሥራ አንብቡ። ኸርስት በ1906 ግብፅ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ናይልን ሲያጠና የኖረ እንግሊዛዊ ነው፤ «አቡ ኒል» ይሉት ነበር። በካይሮው የሮዳ መለኪያ የተያዘውን የብዙ መቶ ዓመት መዝገብ ሲመረምር፣ ጥጋብ ዓመት ከጥጋብ፣ ድርቅ ዓመት ከድርቅ ጋር ሳንቲም ወርውሮ ከሚገኘው በላይ እንደሚጠጋጋ አገኘ። ኮምፒውተር ስላልነበረው ቁጥር የተጻፈባቸው ካርታዎች እየበወዘ ነው ያነጻጸረው። ውጤቱን በ1951 አሳተመ፤ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ለዚህ ጠባይ የዮሴፍን ስም ሰጡት፣ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት አስታውሰው። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ኸርስት ያን ሁሉ ያገኘው ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ሮዳ ላይ የወረዱ ሰዎች ስላነበቡለት ነው።

የት እንማረው ለምትሉ፣ ካርቱም በዚህ ረገድ ድሃ አይደለችም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮባዮሎጂ ክፍል ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በፖላንዳዊው ዩልያን ርዞስካ ዘመን፣ እነ ጃክ ታሊንግ የሠሩበት ነው፤ ግድቦች ከኋላቸው በሚያቁሩት ውሃ ውስጥ ደቃቅ ሕይወት እንዴት እንደሚበዛ እዚህ ወንዝ ላይ አሳይተዋል። ባሕሩን ራሱን የሚሹ ፖርት ሱዳን ሄደው ቀይ ባሕር ዩኒቨርሲቲን ይጠይቁ፤ የባሕር ሳይንስና የዓሣ ሀብት ፋኩልቲ አለው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በሻዕብ ሩሚ ሪፍ ላይ በ1963 የባሕር አሳሹ ኩስቶና ጓደኞቹ ባሕር ሥር ቤት ሠርተው አንድ ወር የኖሩበት ፍርስራሽ አለ። የሳንጋኔብ ኮራልም ከ2016 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። አገር ቤት የምትመለሱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ፤ ጣናም አለ። አገራችን ዛሬ ወደብ የላትም፤ ውሃን በታማኝነት መለካት ግን ወደብ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞግራን፣ ከአሮጌው የኦምዱርማን ድልድይ ሥር እንገናኝ። ፍሉካው ስምንት ሰው ይይዛል፤ ከበዛችሁ በሁለት ዙር እንወጣለን። ባርኔጣና የምትጠጡትን ውሃ ያዙ። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተርና ሁለት እርሳስ አምጡ፤ እስክሪብቶ ቤት ይቅር።